በአንድ ጣት የሚዘጋ በር

ውዴ ጌታቸው፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል ተብለን ተምረናል። የልጅነት አስተማሪዬ «እንደምን ከርመሃል» ከሚለው መስመር አንዲት ፊደል ከተዛነፈች ገጹን ቀደው እንደገና ያስጽፉን ነበር። አንተን ግን እንደምን ከርመሃል ብዬ ብጠይቅህ መልሱን ከማን እቀበላለሁ? ስለዚህ ዛሬ ሥርዓቱን ልተላለፍ ነው። ወሬ ይዣለሁ፤ ወሬው ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላስብል ብሎኛል።

በሩ ተዘጋ! ጌትዬ፣ የመካከለኛው ግድግዳ በር በአንድ ጣት ተዘጋ! በዚህችው በጠመኔ በደረቀች ጣቴ ገፋ ሳደርገው ቀስ ብሎ ሄደና መቃኑ ውስጥ ልክ ገባ። አልጮኸም፣ መሬት አልነካም፣ ትከሻም አልጠየቀኝ። መልሼ ከፈትኩት። እንደገና ዘጋሁት። እንዲህ ስመላለስ ጎረቤታችን አይ ራህማ፣ በሐረሪ ወግ «አይ» እያልን እናት የምናደርጋት፣ በመስኮት አይታኝ ኖሮ «አስካለ፣ ደኅና ነሽ? ከበር ጋር ምን አጣላሽ?» አለችኝ። አልተጣላንም አልኳት፤ ታርቀን ነው።

ከተለያየን ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ደብዳቤ አልጻፍኩልህም። መቃብርህ ዘንድ እየመጣሁ የማወራህ ይበቃል ብዬ ነበር። ይህኛው ግን በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ለአንተ ብቻም አይደለም። ሌላው ሰው ሁሉ እንዲያነበው የልጅ ልጃችንን ሕይወትን በኮምፒውተር ገልብጪው ብያታለሁ። ሕይወት የልጃችን የብርሃኔ ልጅ፣ አንተ ስትለየን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረችው፣ ዛሬ ነርስ ናት። ለምን ሰው ሁሉ እንዲያነበው እንደፈለግሁ ደብዳቤውን ሳልጨርስ ይገባሃል። አንተ ነገር ከእኔ ቀድሞ ይገባህ ነበር፤ አትናገርም እንጂ።

የግድግዳውን ነገር ከሥሩ ልጀምረው።

ከሐረር ሸዋ በር ወጣ ብላ ያለችው ቤታችን ያኔ አንድ ሰፊ ክፍልና አንድ ጓዳ ብቻ ነበረች። አልጋችንን ከእንግዳ መቀበያው የሚለየው መጋረጃ ነበር። እኔ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ፣ አንተ ስምህ በከተማው መጠራት የጀመረ ወጣት አናጢ። የሚካኤልን ጽዋ ማኅበር የገባነው በዚያው ዓመት ነው፤ የኅዳር ተራ ለእኛ ደረሰ። ማኅበርተኞቹ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ሐረር የኖሩ፣ ቤታቸው ብዙ ክፍል ያለው ሰዎች ነበሩ። የአልጋዬ እግር በመጋረጃው ሥር እየታየ እነዚያን ወይዛዝርት ማስተናገድ ሞት መሰለኝ። ግድግዳ ይሠራልኝ አልኩህ። ለኅዳር አሥራ ሁለት ይድረስልኝ አልኩህ።

እንጨቱ የመጣው ጥቅምት ሲገባ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ዝናብ ሲወርድበት የከረመ ባሕር ዛፍ ነበር። ለቋሚ ከሚሆነው ሞራሌ አንዱን አነሳህና ጉንጭህ ላይ አስጠጋኸው፤ ከዚያ የእኔ ጉንጭ ላይ አስጠጋኸው። ከምንጭ ውስጥ እንደወጣ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ። «ይሄ ገና ውኃ ነው አስኩ፤ እስከ ጥር ይቀመጥ» አልከኝ። እኔ ምን ብዬ መለስኩልህ? ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ግድግዳው ላይ ሆኖ ይደርቃል» አልኩህ። መላጊያ በየት በኩል እንደሚያዝ የማላውቀው ሴትዮ! እሱም አልበቃኝ ብሎ «እጅህ ከከበደህ ሌላ አናጢ እጠራለሁ» አልኩህ።

መዶሻህን አነሳህ።

በኅዳር ሚካኤል ቀን ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ በሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ አደነቀ። እኔ ያን ቀን መሬት አልረገጥኩም። ጥር ላይ ደረቁ ነፋስ ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ተራራ መውረድ ሲጀምር እንጨቱ የጠጣውን ውኃ መልቀቅ ጀመረ። ቁጭ ብለን ሲንጣጣ እንሰማው ነበር። ሞራሌው ተጠማዘዘ። ጣውላው ተኮማትሮ በየመሀሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። ቱንቢ ጥለህ ያቆምከው መቃን ወደ ግራ ዘመመ። የካቲት ሲገባ በሩ አልዘጋ አለ፤ መሬቱን እየፋቀ ይሄድና እኩል መንገድ ላይ ይቆማል፣ የቀረውን በትከሻ ነው። ሁለት ጊዜ አውልቀህ ከሥሩ ላግከው። መቃኑ ግን መዝመሙን አልተወም ነበርና በሦስተኛው ተውከው።

በዓመቱ ማኅበሩ ቤታችን ሲመለስ ከሴቶቹ አንዷ፣ ነፍሷን ይማር፣ ስሟን አልጠራም፣ በመኝታችን በኩል ጓዳ ልትገባ በሩን በትከሻዋ እየገፋች «የአናጢው ቤት እንዲህ ከሆነ የእኛን በር ማን ሊሠራልን ነው?» አለችና ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ሁሉም ወደ አንተ ዞሩ። አንተ ወደ እኔ አልዞርክም። ዓይንህ ለአፍታ እንኳ ወደ እኔ አልመጣም። «የእጄ ስንፍና ነው» አልክና አብረህ ሳቅህ።

እኔም ሳቅሁ፣ ጌትዬ። ለአደባባይ የምጽፈው ይህንን ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ «የጌታቸው በር» ተባለ። ቁም ሣጥን ሊያሠሩህ ቃል የገቡ አንድ ሰውዬ በወሩ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ምክንያታቸውን አልነገሩህም፣ አንተም አልጠየቅህም። እኔ፣ ተማሪ አራት ነጥብ ከረሳ በቀይ የማከብበው፣ የራሴን ስሕተት አርባ ዓመት ሙሉ በአንተ ስም አስቀመጥኩት። በሩ በጮኸ ቁጥር ደግሞ «ይሄ በርህ!» እልህ ነበር። በርህ! አንተም «እሺ የኔታ» ትለኝ ነበር። በተቆጣሁ ቁጥር የምታወጣልኝ ማዕረግ።

ግን ያ ግድግዳ ክፉ ብቻ አልነበረም፣ አይደል? ክፍተቱን በዱቄት ሙጫና በጋዜጣ ስለጥፈው አንዱን ሳልለጥፍ እንድተወው የለመንከኝ ትዝ ይልሃል? በእኔ የጽሕፈት ጠረጴዛ ትክክል ያለውን። እኔ ወዲህ ደብተር ሳርም አንተ ወዲያ ሆነህ ትሠራለህ፤ ቀይ እርሳሴ ሲደንዝ ዝም ብዬ በክፍተቱ አሳልፍልህ ነበር። በቢላህ ትቀርጸውና ጫፉ እንደ መርፌ ሆኖ ተመልሶ ብቅ ይላል። አንዳንዴ ከእርሳሱ ጋር የተላጠ ብርቱካን ይመጣል። አንድ ቀን ብርሃኔ በአራት ዓመቷ ያንን አይታ «ግድግዳው እማዬን ያበላታል» ብላ ለሰፈሩ አወራች። ደረቅ እንጨት ቢሆን ኖሮ ያ ክፍተት ከየት ይመጣ ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬ አውቃለሁ። አያጽናናም፤ ቢሆንም ብርቱካኑ ይጣፍጥ ነበር።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ።

መስከረም ላይ ሕይወት ከድሬዳዋ ደወለች። እዚሁ ሐረር ሥራ አግኝታለች፣ ጥቅምት መጨረሻ ትጀምራለች። «እቴቴ፣ የራሴ ክፍል ካለኝ አንቺ ጋ እገባለሁ፤ ከሌለ ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ቤት ልከራይ ነው» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት። ስድስት ዓመት ለራሴ ብቻ ሻይ ሳፈላ ኖሬአለሁ። ከሬዲዮ ሌላ ድምፅ የለም። ግድግዳህን ሥሩን ምስጥ ጨርሶት በኮርኒሱ ተንጠልጥሎ ነው የቆመው፤ ነካ ቢያደርጉት የሚወድቅ። የሚሆን ክፍል የለኝም ልላት አልቻልኩም። «ክፍልሽ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል» አልኳት።

ሙክታር የሚባል አናጢ አገኘሁ፤ አይ ራህማ ናት ያመጣችልኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የፈጠነ። የድሮውን ግድግዳ በሁለት ቀን አወረደው። እኔ የለጠፍኳቸውን ጋዜጦች ጣውላው ላይ እያነበበ «እማማ፣ ይሄ ግድግዳ ከእኔ በላይ የተማረ ነው» ይለኛል። ጣውላው ከተነሣ በኋላ መሬቱን አየሁት። ሲሚንቶው ላይ በሩ ለአርባ ዓመት የፋቀው መስመር አለ፤ ሩብ ክብ፣ በኮምፓስ የተሠመረ የመሰለ። ዘወትር ረግጬው አልፋለሁ፤ በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሳምንቱ እንጨቱ በጋሪ መጣ። ሻጩ ራሱ አብሮ መጥቶ «አጥንት ነው እማማ፣ አጥንት! እንዲህ ያለ ደረቅ ከየትም አያገኙም» እያለ ይምላል። አንድ ሞራሌ አስነሣሁና ጉንጬ ላይ አስጠጋሁት።

ቀዘቀዘኝ።

አሸተትኩት። ባሕር ዛፍ ከዝናብ በኋላ የሚሸተውን ይሸታል። ሙክታር «እማማ፣ የገዛነው እንጨት ነው ዳቦ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱን አጋጨሁ፤ ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል ትለኝ የለ፣ ይሄ እንደ እርጥብ ጨርቅ ድፍን አለ። አውቄአለሁ፣ ጌትዬ። ከማንም በላይ አውቄአለሁ። ግን የሕይወት ሻንጣ ዓይኔ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። አፌን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሙክታር ውኃ ልኩን አወጣ፣ የመጀመሪያውን ቋሚ አቆመ፣ ከኮርኒሱና ከመሬቱ ጋር ቸነከረው። ሚስማሩ ሲገባ ከእንጨቱ ውኃ ጠብ አለ። ሁለታችንም አየነው።

እሱ ፊቴን አየና ሊያጽናናኝ ብሎ «አይጨነቁ እማማ፣ ግድግዳው ላይ ሆኖ ይደርቃል» አለኝ።

ያንኑ ቃል! አንድ ፊደል ሳይጨምር ሳይቀንስ! ከአርባ ዓመት በኋላ የራሴ አፍ ከሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሲያናግረኝ ከወንበሬ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ንቀለው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ያቆምከውን።»

«እማማ፣ አሁን ነው እኮ የቸነከርኩት!»

«አሁን የተቸነከረ ለመንቀል ይቀላል። ንቀለው አልኩህ።»

ሙክታር መዶሻውን ይዞ ደርቆ ቀረ። ልጅቷ ልትመጣ ነው አላሉም እንዴ አለኝ፤ ብያለሁ አልኩት። ታዲያ የት ትተኛለች አለ። ንቀለው አልኩት እንደገና። ነቀለው። እያጉረመረመ ነቀለው፣ «ሠራተኛ ሆኜ አፍራሽ ሆንኩ» እያለ።

ከዚያ አንተ ታደርግ እንደነበረው አስደረደርኩት። እንግዳ መቀበያው ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በየድርድሩ መሀል ቀጫጭን እንጨት እያስገባን፣ ነፋስ በሁሉም በኩል እንዲያልፍ። ቤቱ ግማሹ እንጨት ሆነ። አይ ራህማ ገብታ ስታየው ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! አስካለ፣ መርከብ ልትሠሪ ነው? ጎርፍ መጣ ተብሏል? ለእኔም ቦታ ያዢልኝ፤ ፍየሎቼን ይዤ እመጣለሁ!» የሽንኩርት ሚዛኗን እንድታውሰኝ ስለምናት ደግሞ አሁንስ አብደሻል ብላ ሄደች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ሚዛኑን ይዛ መጣች። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያኔ ጀምር ብለህ ደቀ መዝሙርህን ስትመክር ሰምቼህ አውቃለሁ። ከሞራሌው ቁራጭ ቆርጬ በቀይ እርሳስ ምልክት አደረግሁበት። በየቅዳሜው ልመዝነው ደብተር ከፈትኩለት። ሠንጠረዡን አሥምሬ ስጨርስ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደስ አለኝ።

ደስታው እስከ ስልኩ ነው። ለሕይወት ደውዬ ክፍልሽ እስከ ታኅሣሥ አይደርስም አልኳት። «ምን ሆኖ?» አለችኝ። እንጨቱ እርጥብ ነው አልኳት። «እሺ እቴቴ፣ ችግር የለውም፤ ከጓደኛዬ ጋር እከራያለሁ» አለች። ችግር የለውም ስትል ድምፅዋ የእናቷን መሰለ። ቀጥሎ እናቷ ደወለች። «እማዬ፣ አንቺ ለእንጨት ስታስቢ ልጄ ሰው ቤት ትግባ? በጅብሰም አሠሪውና ይለቅ!» ጅብሰሙም የሚቸነከረው እንጨት ላይ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ሁልጊዜ አንቺ ነሽ ትክክል» ብላ ዘጋችው። ብርሃኔ ይህን ያለችኝ አርባ ዓመት ዘግይታ ነው፤ መባል የነበረብኝ ያኔ ነው፣ ትክክል ባልነበርኩበት ጊዜ።

ሕይወት መጣች፣ ከጓደኛዋ ጋር ተከራየች። ከቤቴ በባጃጅ አሥር ደቂቃ። እሑድ እሑድ ልትጠይቀኝ ትመጣና ከእንጨቱ ድርድር አጠገብ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ትጠጣለች፤ ሰዓቷን ታያለች፣ ትሄዳለች። እኔም ከእንጨቱ ጋር እቀራለሁ። አንድ እሑድ ከሸኘኋት በኋላ ድርድሩን በእግሬ ልመታው ነበር። ለአንተ ስም ብዬ የልጅቷን ልብ አጣሁ እንዴ ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ኅዳር ሚካኤል መጣ። ተራው የማን እንደነበር ገምት።

የእኛ! ጌትዬ፣ የእኛ ነበር! ግድግዳ የለም፣ እንጨት ግን ሞልቷል፣ አልጋዬ ራቁቱን ወለል ብሎ ይታያል። ምን አደረግሁ መሰለህ? አንሶላ ወጠርኩ። በገመድ ላይ፣ የአልጋው እግር ከሥሩ እየታየ። ልክ እንደ ያኔው። ሕይወት ጠላ ልትቀዳልኝ፣ ዳቦ ልታቀርብልኝ መጥታ ነበርና «እቴቴ፣ እኔ አንቺን አውቅሻለሁ፤ ይሄን እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ። ትሰሚያለሽ አልኳት።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ቆሜ ተናገርኩ። በክፍል ውስጥ እንደምናገረው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። የጌታቸው በር ስትሉት የኖራችሁት የጌታቸው አልነበረም፤ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ይቆይ ብሎኝ ነበር፤ ያስቸኮልኩት፣ ሌላ አናጢ እጠራለሁ ብዬ ያዋረድኩት እኔ ነኝ፤ የሳቃችሁበት ዕለት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ አልኳቸው።

ከእነዚያ ከጥንቶቹ የቀሩት እትዬ የሺ ብቻ ናቸው፣ ታውቃቸዋለህ፣ ጆሮአቸው ደከም ቢልም ያን ቀን ሁሉንም ሰምተዋል። ከዘራቸውን መሬት መታ አድርገው «እኔ ያኔም አውቄዋለሁ» አሉ። «አስካለ በምታዝዝበት ቤት አናጢው ምን ሊያዝ ኖሯል?» ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅሁም። «ታዲያ ካወቁ ለምን አብረው ሳቁ፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«አንቺ ስትስቂ አይቼ ነዋ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ጽዋውን ከፍ አድርገው «ለጌታቸው፣ ስናማው ለኖርነው» አሉና ሁሉም ተነሣ። ስምህ በዚያ ቤት ውስጥ ከበር ጋር ሳይያያዝ ተጠራ። በአርባ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ግን የደስታ ነው፤ ማብራራት አያስፈልገኝም።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ በር ተንኳኳ። ሕይወት ናት። ከኋላዋ የባጃጁ ሹፌር ሻንጣና ፍራሽ ተሸክሞ ቆሟል። ምንድን ነው ይሄ አልኳት። «የእንጨቱን ክብደት ማን ይመዝንልሻል? አንቺ መነጽርሽን ረስተሽ ባለፈው ቅዳሜ ስድስቱን ዘጠኝ ብለሽ ጽፈሻል» አለችኝና ፍራሿን ድርድሩ አጠገብ ዘረጋችው። ደብተሬ ላይ ስሕተት ተገኘብኝ! ሄጄ አየሁት፣ ልክ ናት። በቀይ አከበብኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ስሕተት አርሜ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሚዛኑን አንጠለጥላለሁ፣ እሷ ታነባለች። ሙክታር በመንገድ ሲያልፍ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ሕመምተኛው እንዴት አደረ?» ይላል። «ነርሷን ጠይቃት» እለዋለሁ። በታኅሣሥ ለሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ ሚዛኑ አልተንቀሳቀሰም። ሕይወት ያነበበችውን እኔ መነጽር አድርጌ ደግሜ አነበብኩ። ሙክታርን አስጠራነው። እሱ ራሱ ሁለት ሞራሌ አጋጨና ድምፁን ሲሰማ ቅንድቡን አነሣ። «ወላሂ እማማ፣ ይሄን እንጨት ማሲንቆ ላድርገው?» አለ። ከድርድሩ ውስጥ ሁለቱ ገና ግድግዳ ላይ ሳይቆሙ ተጠማዝዘው ነበር፤ ለብቻ አወጣቸውና አየኝ። ግድግዳው ላይ ሆነው ቢጠማዘዙስ ኖሮ የሚል ዓይን ነው። የገና በዓል ሳይደርስ ግድግዳው ቆመ።

ያኔ አልጻፍኩልህም። ሁሉም ሰው ጨረስሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። እኔ ግን የካቲትን ጠበቅሁ። ያኛውም ግድግዳ እስከ ገና ድረስ ልክ ነበር። ጥር ገባ፣ ከሐኪም ተራራ ነፋሱ ወረደ፣ ጆሮዬን ጣውላው ላይ እየለጠፍኩ አዳመጥኩ። አልተንጣጣም። የካቲት ገባ። በየቀኑ በሩን በአንድ ጣት ልሞክረው ሲቃጣኝ እጄን ያዝኩ፤ ፈተና የሚታረመው ሁሉም መልስ ከገባ በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት ሕይወት ለሥራ ስትወጣ «ዛሬ ነው አይደል?» አለችኝ። ዛሬ ነው አልኳት። ከላይ የጻፍኩልህ ያ ነው። በአንድ ጣት።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል፣ ልደብቅህ አልችልም። የድሮው በር መሬቱን ሲፍቅ ማን እንደገባ አውቅ ነበር። አንተ ስትገፋው ድምፁ መጀመሪያ አጭር፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ረጅም ነበር፤ ትከሻህን የምታዘጋጅበት ነው ያ ቆም የሚለው። ከሞትክ በኋላም በሩን ስገፋ እንዳንተ አድርጌ እገፋው ነበር። ይሄኛው ድምፅ የለውም። ሕይወት መግባቷን የማውቀው «እቴቴ!» ስትል ነው። እሱም መልካም ድምፅ ነው።

ሙክታር ሥራውን ሲያስረክበኝ መሬቱ ላይ ያለውን ሩብ ክብ አሳየኝ። «ይሄን ጠባሳ በሲሚንቶ ልድፈንልዎት? አዲስ በር ባለበት ያስቀይማል» አለኝ። እኔ፣ ጠማማ መስመር ያየሁበትን ደብተር እንደገና የማስጽፈው፣ አይነካም አልኩት።

እዚያው አለ። ቤቱን ስጠርግ መጨረሻ የምደርሰው እሱ ጋ ነው፤ መጥረጊያው አይገባበትም፣ በእጄ ነው የማጸዳው። እንግዳ መጥቶ ምንድን ነው ይሄ ካለኝ ወንበር ሰጥቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ፣ የተሸከመልኝ ጌታቸው ነው ብዬ እነግረዋለሁ። እኔ ስደክም የምትነግረው ሕይወት ናት፤ ቃል ገብታልኛለች፣ አስደግሜም ሰምቻታለሁ።

አሁን ቀይ እርሳሴ ደንዟል። ግድግዳው ክፍተት የለውምና ተነሥቼ ራሴ ልቀርጸው ነው። ቢላህ አሁንም ስለት አለው።

ያንተው የኔታ፣
አስካለ